የዝሆኑ እግር

ጋሼን ያሳሰረው የኔ አፍ ነው። ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳያወራብኝ ከዚሁ ልጀምር።

ረቡዕ ጠዋት ማተሚያ ቤቱን ገና መክፈታችን ነበር። ጋሼ አጎቴ ነው፤ ግንባሩ ላይ የሰቀለውን መነጽር በየመሳቢያው ይፈልጋል። እኔ ዝም ብዬ አየዋለሁ። በቀን አንዴ ካልሳቅኩበት ቀኑ አይመሽልኝም። እንዲህ እያለን አንዲት አጭር ሴትዮ ገባች። አፍንጫዋ ከጉንፋን ብዛት ቲማቲም መስሏል። በአንድ እጇ መሀረብ፣ በሌላው የላስቲክ ከረጢት ይዛለች። ከረጢቱ ውስጥ ሁለት የሳል ሽሮፕ ጠርሙሶች አሉ።

"ፋርማሲው ጥግ ላይ ነው፤ እኛ ወረቀት ነው የምናትመው" አልኳት።

"ከዚያው ነው የመጣሁት።" አስነጠሰች። "ኢንስፔክተር ነኝ።"

ጋሼ መነጽሩን መፈለግ አቆመ።

ኢንስፔክተሯ ጠርሙሶቹን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አቆመቻቸው። "አንዱ እውነተኛ ነው። አንዱ ቀለም የገባበት ስኳር ውኃና ሌላ ምናምን ነው። ከዚህኛው የጠጣች የሦስት ዓመት ልጅ ሐኪም ቤት ተኝታለች።"

"ትድናለች?" አለ ጋሼ።

"ትድናለች ብለዋል። ቀጣዩ ልጅ ግን ላይድን ይችላል። ፋብሪካው ሌብሉን እኔ አላሳተምኩትም ይላል። ሰባት ማተሚያ ቤት ዞርኩ፤ ይህን የፊደል ዓይነት የሚያውቅ አልተገኘም።"

እኔ እንግዲህ ጭልፊት ነው የምባለው። ፊደል ካየሁ፣ አውቶቡስ ላይ የተለጠፈም ቢሆን፣ እየሮጠ ስሙን እነግራችኋለሁ። ተንጠራርቼ የሐሰተኛውን ሌብል አየሁና፦

"ውይ! ይሄማ የኛ ዝሆን ነው!" አልኩ።

ጋሼ ዓይኑን ጨፈነ። ኢንስፔክተሯ መሀረቧን ቀስ ብላ ኪሷ ከተተች።

"የናንተ ምን?"

ምላሴን መልሼ መዋጥ ብችል ኖሮ፣ ያኔ ነበር።

*

አስረዳኋት፤ ምን ላድርግ። ጋሼ አራት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ፎንት አለው። ፎንት ማለት የፊደል ልብስ ነው፤ ሰው ያው ሰው ሆኖ ለሰርግ ሌላ፣ ለሐዘን ሌላ እንደሚለብሰው። አብዛኛው ከዚህም ከዚያም የተሰበሰበ ነው። አሥራ አንዱን ግን ጋሼ በእጁ ስሎ፣ ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቶ የሠራቸው ናቸው። ዝሆን ከነዚህ አንዱ ነው። እግረ ወፍራም፣ ጎኑ ክብ፣ ሲቆም መሬቱ የሚነቃነቅ የሚመስል።

"ከአራት ሺህ ውስጥ አንዱን እንዴት ታገኙታላችሁ?" አለች።

"በለቃሚ።"

ወደ ኮምፒውተሩ ወሰድኳት። ለቃሚን የጻፈችው እህቴ ናት፤ አሁን ሌላ ከተማ ነው የምትሠራው። ለቃሚ ሥዕል የለው፣ የሚነካ ቁልፍ የለው። ጥቁር መስኮት ብቻ ነው፤ ቃል ትጽፉለታላችሁ፣ እሱ ለቅሞ ያመጣል። ቃሉን በየፎንቱ ላይ የምለጥፈው እኔ ነኝ። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ባቋርጥም፣ ለመለጠፍ ግን ዲግሪ አለኝ። "ለቃሚ ወፍራም ሰርግ" ብዬ ስጽፍ ዘጠኝ ፎንት ዘረዘረ።

"'አማት' የሚለው ምንድነው?" አለች ዝርዝሩን እያየች።

"ያምራል፤ ግን ከላይ ወደ ታች ነው የሚያይዎት።"

ልትስቅ ስትል አስነጠሳት። "ዝሆንንስ አምጪው።"

"እሱ እንዲህ በቀላሉ አይመጣም። አላለቀም። ጋሼ ጠ ላይ ሲደርስ ሰባት ጊዜ ስሎ ሰባት ጊዜ ቀደደው። 'ጠ አልቆምልህ አለኝ' ብሎ ተወው። ስለዚህ 'አይነካም' የሚል ቃል ለጠፍኩበት። ያንን ቃል ካልጨመሩበት ለቃሚ ደብቆ ያስቀምጠዋል። ሌብሉን ይዩት እስቲ! 'ጠዋትና ማታ' የሚለው ላይ ጠ ብቻዋን የሌላ ፎንት ናት። ቀጭን፣ የተዋሰች። በዝሆኖች መሃል የገባች ፍየል።"

ኢንስፔክተሯ ሌብሉን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። "ስለዚህ የወጣው ከዚህ ኮምፒውተር ነው" አለች።

አሁንም ዝም አላልኩም። "ለቃሚ የተጻፈለትን ሁሉ ይመዘግባል" አልኩና መዝገቡን ከፈትኩላት። እውነትም አለ። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ማክሰኞ፣ ሰባት ሰዓት ከሩብ። "ለቃሚ ወፍራም ክብ አይነካም።" ዝሆን ወጥቷል።

"ያን ቀን በምሳ ሰዓት እዚህ ማን ነበር?"

እኔ የታተሙ የጥሪ ካርዶች ላደርስ ወጥቼ ነበር።

"እኔ" አለ ጋሼ። ሰውየው መዋሸት አይችልም፤ በሽታው ነው። "እኔ ነበርኩ። ጓሮ ምሳዬን በላሁና እንቅልፍ ወሰደኝ። ብቻዬን ነበርኩ።"

ይዛው ሄደች። ከበሩ ላይ ዞር ብሎ፣ "ጭልፊቴ፣ ማሽኑን አደራ" አለኝ። መነጽሩ አሁንም ግንባሩ ላይ ነበር።

*

በማግሥቱ ሐሙስ ጣቢያው በር ላይ ኢንስፔክተሯን ጠበቅኳት።

"ጋሼ አይደለም" አልኩ።

"በምን አወቅሽ?"

"ጋሼ ቢሆን ያችን ፍየል ጠ ሌብል ላይ ከሚለጥፍ እጁን ይቆርጣል። ሰባት ጊዜ የቀደደ ሰው ነው እኮ!"

መሀረቧን አወጣች። "ይሄ መረጃ ነው ብዬ ለአለቃዬ ባቀርብ ይስቅብኛል።"

"ይሳቅ። እርስዎ ግን አልሳቁም።"

"'አይነካም' የሚለውን ቃል የሚያውቀው ማን ማን ነው?"

"እኔ፣ ጋሼና ሦስት ሰዎች። እኔንስ አይጠረጥሩኝም?"

"አንቺ?" አፍንጫዋን ጠረገች። "አንቺ ወንጀል ብትሠሪ ራስሽ ደውለሽ ነበር የምትነግሪን።"

ተሰደብኩ። ግን ደስ አለኝ።

ያኑ ቀን መጥታ ሦስቱንም አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። እኔ ወረቀት የምደረድር መስዬ ጆሮዬን ተከልኩ።

የመጀመሪያው ዲዛይነራችን ነው። ሽቶ እንለዋለን፤ እሱ ከመግባቱ በፊት ጠረኑ ይገባል፣ ከወጣ በኋላም ጠረኑ ይሰነብታል። ጉንጩን በእጁ ደግፎ ለውዝ ይቆረጥማል።

"ያን ማክሰኞ በምሳ ሰዓት የት ነበርክ?"

"ጥርስ ሐኪም ቤት። መንጋጋዬን አስነቀልኩ። ደረሰኙ ይኸው።"

ኢንስፔክተሯ አይታ ፋይሏ ውስጥ ከተተችው። ስልክ ስትደውል፣ "አዎ፣ ደንበኛችን ነው" አሏት። አለፈችው።

ሁለተኛው ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ጋሽ ቀለሜ ነው። ቀለሜ የተባለው ደብተር ስለሚወድ አይደለም፤ እጁ ከቀለም ጠርቶ ስለማያውቅ ነው።

"ቤቴ ነበርኩ" አለ ወለሉን እያየ።

"ጎረቤቶችህ ግን በምሳ ሰዓት አይመጣም ነው የሚሉት።"

"እንግዲያው ሌላ ቦታ ነበርኩ።"

"የት?"

"አልናገርም።"

ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። ጋሽ ቀለሜ ከልጅነቴ ጀምሮ በትከሻው ተሸክሞ ያሳደገኝ ሰው ነው። ኢንስፔክተሯ ስሙን ጻፈችና ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ሦስተኛው ከመንገዱ ማዶ ያለው ማተሚያ ቤት ባለቤት ነው። የማዶው ይባላል። ከጋሼ ጋር ሠላሳ ዓመት ሙሉ እየተሰዳደቡ የሚዋደዱ ናቸው። በየሳምንቱ "ፎንት አበድሩኝ" እያለ ይመጣል። አሁን ደግሞ፣ ጋሼ በታሰረ በማግሥቱ፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ፣ "ሥራችሁን ሁሉ እኔ ልውሰደው" አለኝ። ጥንብ አንሣ! አልኩ በሆዴ።

"በምሳ ሰዓት ሱቄ ነበርኩ" አለ ለኢንስፔክተሯ።

"ማን አየህ?"

"ያየኝ አለ። ግን እንዳልናገር ቃል አስገብቶኛል።"

ኢንስፔክተሯ ስትወጣ፣ "አንዱ ደረሰኝ አለው። አንዱ ዝም ይላል። አንዱ ቃል ገብቻለሁ ይላል" አለችኝ። "አንቺ ብትሆኚ ማንን ትይዣለሽ?"

"ማንንም አልይዝም" አልኩ። "ራሱ እንዲመጣ ነው የማደርገው።"

*

ሐሳቡ የመጣልኝ አርብ፣ የፋርማሲው መስኮት ላይ ነው። ኢንስፔክተሯ በየፋርማሲው ማስታወቂያ አስለጥፋ ነበር፦ ሽሮፕ ከመግዛታችሁ በፊት "ጠዋት" የሚለውን እዩ፣ ጠ ከቀጠነች ሐሰተኛ ነው።

"ይኸውልዎት" አልኳት። "ሌባው አሁን የቸገረው ጠ ነው። ጠርሙሱ ተሞልቶ ቁጭ ብሎበታል፤ ሌብሉን ግን ማንም አይቀበለውም። ወፍራም ጠ ያስፈልገዋል።"

"እና?"

"እንሰጠዋለን።"

ሦስት ቀን ጋሼ ጠረጴዛ ላይ ተጎልቼ ጠን ሳልኩ። ስድስቱን ወንድሞቿንም ጨምሬ። ጋሼ እርሳስ አያያዝ ያስተማረኝ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ ነው፤ በኩርኩም ጭምር። ሠላሳ አንድ ጊዜ ቀደድኩ። ሰኞ ዕለት አንዷ ቆመችልኝ። ከዚያ ሦስት ቅጂ ሠራሁ። በአንዱ ላይ የጠን የግራ እግር በጸጉር ስንጥቅ ያህል አሳጠርኩት። በሁለተኛው የቀኙን። ሦስተኛውን ሳልነካ ተውኩት። ማንም አያይም፤ ጭልፊት ካልሆነ።

ሦስቱን ለለቃሚ ሰጠሁትና በየራሳቸው ቃል ደበቅኳቸው፦ "ንጋት"፣ "ቀትር"፣ "ምሽት"። ማን የትኛው ቃል እንደሚደርሰው ወረቀት ላይ ጻፍኩና አሽጌ ለኢንስፔክተሯ ሰጠኋት።

"ፎንቱን ማውጣት ብቻውን ወንጀል አይደለም" አለች። "ላየው ፈልጌ ነው ይላል።"

"ሌብል ላይ ሲያትመውስ?"

ፈገግ አለች። በዚያ ሳምንት አፍንጫዋ ሳይቀላ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

የቀረው ትወና ነው። ኢንስፔክተሯ ሱቃችን መጥታ ሁሉም እየሰሙ፣ "ፋይሉ ተዘግቷል፤ ሰውየው ክስ ይጠብቀዋል" አለች። እኔ አለቀስኩ። እንባው እውነተኛ ነበር፤ ጋሼ ለስድስተኛ ቀን ብርድ ላይ ነው፣ ክስ ከተመሠረተ ደግሞ ማተሚያ ቤቱ መታሸጉ ነው። ከዚያ ለእያንዳንዳቸው ለብቻ፣ አፍንጫዬን እየሳብኩ አወራሁ።

"ጋሼ ሳይታሰር በፊት ዝሆንን ጨርሶት ነበር። ጠ ሳይቀር። በእንዲህ ያለ ቃል ደብቄዋለሁ፤ ለማንም እንዳትናገር።"

ሽቶ፣ "አይዞሽ እህቴ" አለና ለውዝ ሰጠኝ። የማዶው ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ "ቆመችለት ማለት ነው? ጠ ቆመችለት?" አለ። ጋሽ ቀለሜ ቃሉን የጻፍኩበትን ወረቀት ተቀበለኝና ሳያየው አጥፎ ኪሱ ከተተው። ያ ነገር ከነከነኝ።

በማግሥቱ የለቃሚን መዝገብ አየሁ። "ንጋት" ወጥቷል። "ቀትር"ም ወጥቷል። "ምሽት" አልተነካም።

ሁለት ሰው። አንዱ ሌባ።

*

ዘጠኝ ቀን ጠበቅን። ጋሼን በየቀኑ እጠይቀዋለሁ። "ማሽኑ እንዴት ነው?" ይለኛል፤ ስለራሱ አንድ ቃል የለም። በስምንተኛው ቀን ግን፣ "ጭልፊቴ፣ ምናልባት ሱቁን ለሰው ብንሰጥ…" ብሎ ጀመረ።

"ጋሼ፣ ዝም በል" አልኩት። በዕድሜዬ ዝም በል ብዬው አላውቅም። ዝም አለ።

በዘጠነኛው ቀን ኢንስፔክተሯ በሩን በእግሯ ገፍታ ገባች። ጠርሙስ ይዛለች። ከከተማው ሌላ ጫፍ ያለ ፋርማሲ ነው የጠራት፤ ያላዘዘውን ሦስት ካርቶን ሊያራግፍለት የመጣ ሰው ቢያጠራጥረው። ሰውየው ተይዟል፤ ከማን እንደተላከ ግን አልተናገረም።

"እዪ" አለችኝ።

የጋሼን ማጉያ መነጽር አነሣሁ። ጠዋትና ማታ። ጠ ወፍራም ናት። የኔው ጠ ናት! ሠላሳ አንድ ጊዜ የቀደድኳት ልጄ። ወደ እግሯ ወረድኩ።

"ግራው" አልኩ። "የግራ እግሯ አጭር ነው። ንጋት ነው።"

ኢንስፔክተሯ የታሸገውን ወረቀት ቀደደች። አነበበች። ፊቷ ተኮማተረ።

"ይሄ ሰውዬማ ደረሰኝ አለው። በዚያ ሰዓት ጥርሱን እየተነቀለ ነበር።"

ሽቶ!

"ደረሰኙን ያሳዩኝ።"

"ምን ያደርግልሻል? ሐኪም ቤቱን…"

"እትዬ፣ ያሳዩኝ!"

ከፋይሉ አወጣችው። ያኔ ሐሙስ ዕለት አጠፍ አድርጋ ስትከተው አላየሁትም ነበር። አሁን አየሁት፤ ሳቄም አመለጠኝ። እንደ እብድ ሳቅኩ።

"ቀኑን ይዩት! በእጅ ማህተም የተመታ አይመስልም? ጠማማ ጠማማ ቁጥሮች?"

"ይመስላል።"

"እነዚህን ቁጥሮች የሳልኳቸው እኔ ነኝ! አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ፣ ለልምምድ። ያችን ሰባት ይዩዋት፣ እያነከሰች! በዓለም ላይ እንዲህ የምታነክስ ሰባት ያለችው እኛ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው። 'ማህተም' እና 'ጠማማ' የሚሉ ቃላት ለጥፌባት ነበር።"

ጥቁሩን መስኮት ከፈትኩና መዝገቡን ወደ ኋላ ጎተትኩት። ጋሼ የታሰረ ዕለት፣ ረቡዕ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። "ለቃሚ ማህተም ጠማማ።" ጋሼ ጣቢያ ነው። እኔ ጣቢያው በር ላይ እያለቀስኩ ነበር። ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ደረሰኙን ያን ጊዜ ነው የሠራው። ሐኪም ቤቱም 'ደንበኛችን ነው' አለ እንጂ፣ ያን ቀን መጣ አላለም።

ኢንስፔክተሯ ወደ ጣቢያ ደውላ ስለተያዘው ሰው ጠየቀችና ቀበቶዋን አጠበቀች። "ጥሪው" አለችኝ።

*

ሽቶ ጠረኑን አስቀድሞ ገባ።

"መንጋጋህ እንዴት ነው?" አለችው።

"ተመስገን፣ ድኗል።" ጉንጩን ነካ። ቀኙን። ሐሙስ የደገፈው ግራውን ነበር።

"አፍህን ክፈት።"

"እንዴ?"

"አፍህን ክፈት አልኩህ።"

ከፈተ። የእጅ ባትሪ አበራችና ቆጠረች፤ ጮክ ብላ፣ አንድ በአንድ። ሠላሳ ሁለት። አንድም አልጎደለም።

"ለካ ለውዙን በሙሉ ጥርስህ ነው የምትቆረጥመው" አልኩ።

"ይቺ ልጅ ጠምዳኝ ነው!" አለ። "ከሷ ቃል ሌላ ምን ማስረጃ አላችሁ?"

ኢንስፔክተሯ ጠርሙሱን ፊቱ አቆመች። ከጎኑ ደረሰኙን። "ንጋት የሚለው ቃል የተነገረው ላንተ ብቻ ነው። ፎንቱ ወጣ፤ በዘጠኝ ቀኑ ሽሮፕ ላይ ተለጥፎ መጣ። ካርቶኑን ያራገፈው ሰው ደግሞ ተይዟል። የሚስትህ ወንድም ነው።"

ሽቶ ወንበር ፈለገ። ወንበሩ ላይ የወረቀት ክምር ነበር፤ ክምሩ ላይ ተቀመጠ። "ሽሮፑን የሚሞላው እሱ ነው" አለ። "እኔ ያተምኩት ሌብል ብቻ ነው።"

"ልጅቷ የሦስት ዓመት ናት" አለች ኢንስፔክተሯ። ሌላ ምንም አልጨመረችም። እጁን አሰረችው።

በዚያች ደቂቃ ጋሽ ቀለሜ ከማሽኑ ጀርባ ወጣ። የማዶውም ግርግሩን አይቶ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። ኢንስፔክተሯ ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸው።

"እናንተ ግን በምሳ ሰዓት የት ነው የምትሆኑት?"

ጋሽ ቀለሜ ቀለም የጠጣ ጣቱን አፍተለተለ። "ማዶ ነኝ" አለ በመጨረሻ። "ማንበብ እየተማርኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ፊደል አትሜ… ፊደል አላውቅም ነበር። ልጆቹ እንዳይስቁብኝ ብዬ ነው ቃል ያስገባሁት።"

የማዶው ትከሻውን ያዘው። "እስከ በ ደርሰናል።"

የሰጠሁትን ወረቀት ለምን ሳያየው እንዳጠፈው አሁን ገባኝ። አፈርኩ። የማዶውንም ጥንብ አንሣ ማለቴ ትዝ አለኝና አፈርኩ።

"አባባ፣ ሥራችሁን ልውሰደው ያሉኝ…"

"እስኪፈታ ድረስ በናንተ ስም አትሜ ደንበኛ እንዳይርቃችሁ ነዋ! ምን መስሎሽ ነው፣ አንቺ ምላሳም?"

"ቀትርንስ ለምን አወጡት?"

"ጠ ቆማ ላያት! ሠላሳ ዓመት ነው ስለሷ ሲያለቃቅስብኝ የኖረው።"

*

ጋሼን ያመጣነው በኢንስፔክተሯ መኪና ነው። መንገድ ላይ መስኮቱን አስከፍቼ ለሚያልፈው ሁሉ፣ "ተፈታ! ጋሼ ተፈታ!" እያልኩ ጮህኩ። ኢንስፔክተሯ አፌን ልትይዝ እጇን ዘረጋች፤ ግማሽ መንገድ ላይ ተወችው፤ ሳይረንም አበራችልኝ። አስፋልቱ ሙሉ ዞሮ አየን። ጋሼ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፍኖ ይስቃል፤ ትከሻው ነው የሚነግረኝ።

ጋሼ እንደገባ ማሽኑን ዳሰሰ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያችን ሦስተኛ ቅጂ አየ። ያልነካኋትን፣ እግሮቿ ሁሉ እኩል የሆኑላትን ጠ። አትሜ ትቻት ነበር።

መነጽሩን ፈለገ። ግንባሩ ላይ እንዳለ ዛሬ ነገርኩት።

ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዞረው። ገለበጠው። በአውራ ጣቱ እግሯን ለካ። የማዶው፣ ጋሽ ቀለሜና ኢንስፔክተሯ ከበቡት። እኔ እንኳ ዝም አልኩ።

"ስንት ቀደድሽ?" አለኝ።

"ሠላሳ አንድ።"

"እኔ ሰባት ላይ ነው የተውኳት።" ወንበሩን ስቦ፣ "ነይ፣ ተቀመጪ" አለኝ። በሱ ወንበር ላይ! "'አይነካም' የሚለውን ቃል አንሺው።"

ጥቁሩን መስኮት ከፈትኩና ቃሉን ከዝሆን ላይ ነቀልኩት።

"በምትኩ ምን ልለጥፍ?"

ጋሽ ቀለሜ ከኋላዬ ጎንበስ ብሎ ወረቀቷን አየ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። እስከ በ ነው የደረሰው፤ ጠ ገና ሩቅ ናት።

"ይቺ ማናት?" አለ።

"ጠ ናት ጋሽ ቀለሜ።"

"ቆማለች" አለ።

ለጠፍኩት። ዛሬ "ለቃሚ ቆማለች" ብትሉት፣ ከአራት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ መሃል ዝሆን ብቻውን መሬቱን እያነቃነቀ ይመጣል።